ስኪመር ከመግዛትዎ በፊት ሜትር ይያዙ
የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ ለሚጀምር ሰው

ሦስት ካርቶን መደርደሪያው ላይ ተሰልፏል። አንደኛው «እስከ 400 ሊትር» ይላል፤ ሁለተኛው «ለ600 ሊትር»፤ ሦስተኛው ደግሞ ሦስት የተለያየ ቁጥር ጽፎ ምርጫውን ለገዢው ትቶታል። ገዢው ቤት ያለው ገንዳ 150 ሊትር ነው። ዋጋቸው ስለተቀራረበበት «መቼም ትልቅ ይሻላል» ብሎ ባለ 600ውን ተሸክሞ ይሄዳል። ቤት ሲደርስ ዕቃው በካቢኔው በር አልገባ ይለዋል። በሩ ተነቅሎ ቢገባ እንኳ ኩባያውን ለማጠብ ወደ ላይ ማንሻ ቦታ የለም።

እንዲህ ያለው ገበያ የጀማሪዎች የተለመደ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ ያለው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ ሜትር፣ አንድ ብዕርና ቁራጭ ወረቀት ይበቃል።

ዕቃው ምን ይሠራል?

ቅቤ አንጥሮ የሚያውቅ ሰው የስኪመርን ሥራ ግማሹን ያውቀዋል። ቅቤው ሲንተከተክ ጉድፉ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ይሰፍፋል፤ እሱን በማንኪያ መግፈፍ ነው። ፕሮቲን ስኪመርም አረፋ ገፋፊ ነው። እሳት ግን አያስፈልገውም፤ አረፋውን የሚሠራው አየርን ከውሃ ጋር እየመታ ነው።

ከዓሣ የተረፈው ምግብ፣ ኩሱና ከቆዳው የሚለቀው ልጋግ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ፣ በተለይ ፕሮቲንና ስብ፣ አንድ ጎናቸው ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ጎናቸው ከውሃ ይሸሻል። ውሃና አየር የሚገናኙበትን ድንበር ሲያገኙ እዚያው ይጣበቃሉ። ስኪመሩ በቱቦው ውስጥ እጅግ ብዙ ደቃቅ የአየር እንክብል ይለቃል፤ ያ ሁሉ ድንበር ነው። እንክብሎቹ ቆሻሻውን ተሸክመው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አረፋ ሆነው በጠባቡ አንገት ይገፋሉ፤ ከአናቱ ያለው ኩባያ ውስጥ ይፈርሳሉ። በጥቂት ቀን ውስጥ ኩባያው ላይ የሚገኘው የጠቆረ ሻይ የመሰለ፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ፈሳሽ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሳካው ውሃው ጨው ስላለው ነው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ የአየር እንክብሎች ሲገናኙ ተዋህደው ያብጣሉ፣ ቶሎም ይፈነዳሉ። ጨው ይህን ውህደት ስለሚገታ እንክብሉ ደቃቅ ሆኖ ይቆያል። ወርቃማ ዓሣ የሚያረባ ሰው ለገንዳው ስኪመር የማይገዛውም ለዚህ ነው።

መሣሪያው ስሙን የተከለው በጀርመን ነው። እንደ ዲትሪክ ሽቱበር ያሉ የበርሊን አርቢዎች ባክቴሪያ የሰፈረበትን «ሕያው ድንጋይ»፣ ብርቱ መብራትንና ስኪመርን አጣምረው ኮራል ማሳደግ ቻሉ፤ አካሄዱም እስከ ዛሬ «የበርሊን ዘዴ» ይባላል። ከዚያ ወዲህ ስኪመር የሌለው ገንዳ እንደ ጎዶሎ መታየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ኬን ፌልድማን የተለያዩ ስኪመሮችን በልኬት ፈትነው ሞቅታውን አበረዱት። ዕቃዎቹ ከውሃው ያወጡት ሊለካ ከሚችለው ኦርጋኒክ ካርቦን ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማውን ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ውዱም ርካሹም እዚያው አካባቢ ነበር። ለጀማሪ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው፦ ለስም ብዙ ገንዘብ ከማውጣት ለገንዳው፣ ለካቢኔውና ለዓሣው ብዛት ልክ የሆነውን ማግኘት ይበልጣል።

1ኛ ደረጃ፦ በእርግጥ ያስፈልግዎት እንደሆነ ይወስኑ

ገንዳዎ ከ75 ሊትር በታች ከሆነና የሚያስገቡት አንድ ጥንድ ክላውንፊሽ ብቻ ከሆነ ስኪመሩ ሊቆይ ይችላል። በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ውሃ መቀየር ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ለ75 ሊትር ገንዳ ይህ ማለት ከአንድ ባልዲ የማይበልጥ ውሃ ነው።

ገንዳው ሲተልቅ ስሌቱ ይገለበጣል። ለ300 ሊትር ገንዳ በየሳምንቱ 45 ሊትር የጨው ውሃ ማዘጋጀት ወገብም ኪስም ይፈትናል። ብዙ የሚበሉ ዓሦች፣ ለምሳሌ ላየንፊሽ ወይም ትሪገርፊሽ፣ ካሉ ደግሞ ስኪመሩ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ስኪመር አሞኒያንም ሆነ ናይትሬትን በቀጥታ አያወጣም፤ ወደዚያ ከመለወጡ በፊት ቆሻሻውን ይቀንሳል እንጂ። አዲስ ገንዳ አሞኒያን የሚለውጠው ባክቴሪያ እስኪደረጅ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መጠበቁ አይቀርም፤ ስኪመር ይህን ጊዜ አያሳጥርም። ዓሣ ባልገባበት ገንዳ የሚገፈፍ ነገር ስለሌለ ግዢውን እስከዚያ ማቆየት ይቻላል።

2ኛ ደረጃ፦ እውነተኛውን የውሃ መጠን ያስሉ

ገንዳው ላይ የተጻፈው ሊትር ባዶ ሳለ የሚይዘው ነው። ውስጥ ውስጡን በሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ ርዝመቱን በወርዱ፣ ከዚያም ውሃው በሚደርስበት ከፍታ ያባዙ፤ ለ1,000 ያካፍሉ። የሚገኘው ሊትር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጀማሪዎች አዘውትረው የሚገዙትን ባለ 40 ጋሎን ገንዳ እንውሰድ። ውስጡ 90 በ45 ነው፤ ውሃው 38 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆም 154 ሊትር ይሆናል። ድንጋይና አሸዋ ቦታ ስለሚይዙ 18 ሊትር ያህል ይቀነስ፤ 136 ቀረ። ከሥሩ ሳምፕ የሚባለው ሁለተኛ ገንዳ ካለና 45 ሊትር ከያዘ ይደመር። ስኪመሩ የሚያጸዳው ውሃ እንግዲህ 180 ሊትር ገደማ ነው።

ይህን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይጻፉ።

3ኛ ደረጃ፦ አፍ ይቁጠሩ

ሁለት ሰዎች እኩል 180 ሊትር ውሃ ቢኖራቸውም አንድ ዓይነት ስኪመር ላያስፈልጋቸው ይችላል። አንዱ አራት ትናንሽ ዓሦች አስገብቶ በቀን አንዴ ቁንጥር ምግብ ይሰጣል። ሌላው ስምንት ዓሦች አሉት፤ ጠዋትና ማታ በረዶ የሆነ ሽሪምፕ እያሟሟ ያበላል። ቆሻሻ የሚመጣው ከውሃው ብዛት ሳይሆን ከሚገባው ምግብ ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሁሉም አምራቾች የሚስማሙበት መለኪያ የለውም። ጠንቃቃ አምራች ሦስት ቁጥር ይሰጣል፦ ጥቂት ዓሣ ላለበት፣ መካከለኛ ለሆነና ብዙ ዓሣ ላለበት። ጀማሪ ዓይኑን የሚጥለው በመጨረሻው፣ ማለትም በትንሹ ቁጥር ላይ ነው። ያ ቁጥር እርስዎ ካሰሉት ሊትር እኩል ወይም እስከ አንድ እጥፍ ተኩል ድረስ ቢሆን ጥሩ ነው። ለ180 ሊትሩ ገንዳ ከ180 እስከ 270 ሊትር «ብዙ ዓሣ» የሚል ዕቃ ይፈለጋል። ካርቶኑ አንድ ቁጥር ብቻ ከጻፈ ጥቂት ዓሣ ላለበት ገንዳ የተሰጠ አድርጎ ማሰብና ለሁለት መክፈሉ ከስሕተት ያድናል።

ከዚህ እጅግ የበለጠ መግዛትም ጉዳት አለው። ሰፊ ቱቦ ያለው ስኪመር አረፋው አንገቱን እንዲያልፍ በቂ ቆሻሻ ይፈልጋል። ቆሻሻው ሲያንስ አረፋው ግማሽ መንገድ ላይ እየፈረሰ ይመለሳል፤ ኩባያው ለቀናት ባዶ ይውላል፤ ከዚያ አንድ ቀን በድንገት ይሞላል። ጀማሪው ዕቃው የተበላሸ መስሎት ቀንና ሌሊት ቫልቭ ሲያዞር ይከርማል።

4ኛ ደረጃ፦ ቦታውን በሜትር ይለኩ

ስኪመር በሦስት መንገድ ይቀመጣል፤ ሳምፕ ውስጥ፣ ገንዳው ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ ወይም ገንዳው ውስጥ።

ሳምፕ ያለው ሰው ብዙ ማሰብ የለበትም፤ ሳምፕ ውስጥ የሚገባውን ይግዛ። ድምፁ ይታፈናል፤ ቢፈስ ተመልሶ እዚያው ሳምፕ ውስጥ ይወድቃል፤ ምርጫውም ሰፊ ነው። እንደ ሪፍ ኦክቶፐስ ክላሲክ 110 ወይም በብል ማገስ ከርቭ 5 ያሉት በብዙ ጀማሪዎች ሳምፕ ውስጥ የሚታዩ ናቸው። እዚህ አራት ልኬት ያስፈልጋል፦ የሳምፑ ክፍል ርዝመትና ወርድ፣ ከሳምፑ ወለል እስከ ካቢኔው ጣሪያ ያለው ቁመት፣ የካቢኔው በር ስፋትና የውሃው ጥልቀት። ከስኪመሩ ቁመት በላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይቅር፤ ኩባያው በየጥቂት ቀኑ ወደ ላይ ተስቦ የሚወጣው በዚያ ክፍተት ነው።

ከአራቱ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የውሃውን ጥልቀት ነው። አብዛኞቹ የሳምፕ ስኪመሮች ከ15 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ባለው ውሃ ውስጥ እንዲቆሙ ተሠርተዋል፤ ትክክለኛው ቁጥር በየመመሪያቸው ላይ ይገኛል። ውሃው ከዚያ ከበለጠ ስኪመሩ ኩባያውን በንጹሕ ውሃ ይሞላል፤ ካነሰ አረፋው አንገቱ ላይ አይደርስም። ጥልቀቱ ከበዛ ከሥሩ የፕላስቲክ መቆሚያ ማድረግ ይቻላል። ካነሰ ግን ሌላ ዕቃ መፈለግ ይሻላል።

ውሃ ደግሞ በየቀኑ ይተናል። ጨው ስለማይተን የሚሞላው ንጹሕ ውሃ ነው፤ የጨው ውሃ አይደለም። ስኪመሩ የሚቀመጥበት ክፍል ግድብ ኖሮት ውሃው አንድ ልክ ላይ ከቆመ ወይም የጎደለውን ራሱ የሚሞላ መሣሪያ ከተገጠመ፣ አረፋው በየቀኑ አይዋዥቅም።

ሳምፕ ለሌለው ሰው የሚንጠለጠለው ዓይነት አለ። ከገንዳው ጀርባ እስከ ግድግዳው ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። የገንዳው ጠርዝ ምን ያህል ውፍረት እንዳለውም ይታይ። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ሲያፈስ የሚያፈሰው ወለል ላይ ነው። ለትናንሽ ገንዳዎች ደግሞ እንደ ጀርመኑ ቱንዘ ኮምላይን 9001 ያለ፣ ውስጥ በማግኔት የሚጣበቅ ቀጭን ስኪመር አለ። ከፊት ለፊት ይታያል፤ ግን አንዲት ጠብታ ውጭ አያፈስም።

5ኛ ደረጃ፦ አረፋውንና መብራቱን ይጠይቁ

አየሩን የሚያደቅቀው ምንድን ነው? የድሮዎቹ በእንጨት ቁራጭ ውስጥ አየር እየነፉ ይሠሩ ነበር፤ እንጨቱ ቶሎ ስለሚደፈን በየጥቂት ሳምንቱ መቀየር አለበት። ሌሎቹ ውሃውን በጠባብ ቀዳዳ እያስወነጨፉ አየር ይስባሉ፤ ብርቱ ፓምፕ ይፈልጋሉ። ዛሬ ለቤት ከሚሸጡት አብዛኞቹ ባለ መርፌ መዘውር ናቸው፤ የፓምፑ ተሽከርካሪ ክፍል በጥቃቅን ፕላስቲክ መርፌዎች የተሞላ ሆኖ የገባውን አየር ይከትፈዋል። ለጀማሪ የሚመከረው ይህ ነው። የትንሹ ዓይነት ፓምፕ ብዙ መብራት አይበላም፤ 12 ዋት የሚወስድ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ 105 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ዕቃውን ከውጭ አገር በሻንጣ የሚያስመጣ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። የአሜሪካ ግድግዳ የሚሰጠው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። የአሜሪካው ተራ ፓምፕ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ቢሰካም ትራንስፎርመር ቮልት ይቀንሳል እንጂ ኸርዝ አይቀይርም፤ ፓምፑ ፍጥነቱን አንድ ስድስተኛ ያጣል፤ አየሩም በዚያው ልክ ያንሳል። ከእስራኤል፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣው 50 ኸርዝ ስለሆነ ይስማማል። ሳዑዲ ዓረቢያ ግን ቮልቷ ተቀራራቢ ቢሆንም ኸርዟ 60 ነው። ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያድነው በአዳፕተር የሚሠራው የዲሲ ፓምፕ ነው፤ አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ከተጻፈበት የትም አገር ይሠራል። ፍጥነቱንም በአዝራር መቀነስና መጨመር ይቻላል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ መቆጣጠሪያውም ከተበላሸ መለዋወጫው እንደልብ አይገኝም።

መብራት የሚቆራረጥበት ቤት ሌላም ነገር ያስባል። መብራት ሲጠፋ ከላይ ያለው ውሃ ወደ ሳምፕ ይወርዳል፤ የሳምፑ ውሃ ከፍ ይላል። መብራት ሲመለስ ስኪመሩ ከልኩ በላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ይነሣል፤ ያንን የከረፋ ፈሳሽም ይገለብጠዋል። ለፍሪጅ የሚገዛው፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቀው መከላከያ ለስኪመርም ያገለግላል፤ ዋናው ፓምፕ ቀድሞ ውሃውን ወደ ላይ ይመልሳል፣ ስኪመሩ ይከተላል።

አዲስ አበባ ላይ ስኪመር ሌላ ጥቅም አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውሃ በጠረፍ ከተማ በሊትር ከ7 ሚሊ ግራም ትንሽ ያነሰ ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ እዚህ ከ5 ብዙም አያልፍም። ቀንና ሌሊት አየር ከውሃ ጋር የሚመታው ስኪመር ውሃውን ከዚያ ጣሪያ እንዳይወርድ ይደግፈዋል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ማስነሣት ለዓሦቹ ሕይወት ነው።

ስኪመሩ የሚስበው ያንኑ የክፍሉን አየር መሆኑም አይዘንጋ። ቡና በከሰል የሚፈላበትና ዕጣን የሚጤስበት ሳሎን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበዛል፤ የውሃው ፒኤችም ይወርዳል። የአየር መሳቢያውን ቀጭን ቱቦ በመስኮት ወደ ውጭ ማውጣት ይህን ያቃልላል።

6ኛ ደረጃ፦ ከመክፈልዎ በፊት ይፍቱት

ሻጩን ያስፈቅዱና ኩባያውን አውጥተው ይመልሱት። በአንድ እጅ ይወጣል ወይስ ትግል አለው? ፓምፑ ያለ መሣሪያ ይፈታል? ኩባያው ሥር የማፍሰሻ ቀዳዳ አለው? የውሃው መውጫ ላይ በቀላሉ የሚዞር ማስተካከያ አለ? የፓምፑ ተሽከርካሪ ክፍል ለብቻው ይሸጣል? ዕቃው ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ሲሠራ ድምፁን ሳይሰሙ አይግዙት። ያገለገለ ስኪመር መግዛትም ነውር የለውም፤ ሰውነቱ እስካልተሰነጠቀ ድረስ ፓምፑ ብቻ ተቀይሮ ለዓመታት ያገለግላል።

7ኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይታገሡ

አዲሱን ዕቃ ሞቅ ባለ ውሃና በጥቂት አቼቶ ያጥቡ፤ ሳሙና አያስነኩት። መጀመሪያ ያለ ሥርዓት ይፈላል ወይም ጭራሽ አረፋ አይሠራም። ሁለቱም ያለ ነው፤ የፋብሪካው ቅባት እስኪለቅና የውስጡ ግድግዳ እስኪሟሽ ከ3 ቀን እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። በእነዚህ ቀናት የአረፋው ልክ ከአንገቱ ሥር እንዲቆም ዝቅ አድርገው ይተዉት፤ ከዚያ በቀን አንዴ ብቻ በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ። በየሰዓቱ የሚነካካ ሰው ልኩን አያገኘውም።

በየ2 ወይም 3 ቀኑ ኩባያውንና አንገቱን ይጥረጉ። አንገቱ ላይ የሚጋገረው ቅባት አረፋውን ስለሚያፈርስ፣ ያልተጠረገ ስኪመር ትልቅ ሆኖ እንደ ትንሽ ይሠራል። በየ3 ወይም 6 ወሩ ፓምፑን ፈትተው እኩል በተቀላቀለ አቼቶና ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። የአየሩ መሳቢያ በጨው ሲደፈን ሙቅ ውሃ እንዲስብ ያድርጉት።

አረፋው በድንገት ቢጠፋ አይደንግጡ። እጅዎ ላይ የቀረ ቅባት ወይም የሟሟ ምግብ ዘይት ለጥቂት ሰዓት ያጠፋዋል፤ ራሱ ይመለሳል። በተቃራኒው አንዳንድ መድኃኒትና ክሎሪን የሚያጠፋ ጠብታ አረፋውን ያለ ልክ ስለሚያገነፍሉት፣ እነሱን ሲጠቀሙ ስኪመሩን ያጥፉና ለውሃው ሌላ የአየር ምንጭ ያዘጋጁ።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ ወረቀቱ ላይ ስድስት ነገር ተጽፎ ይገኝ፦ የውሃው ሊትር፣ የዓሣው ብዛት፣ የሳምፑ ክፍል ርዝመትና ወርድ፣ ከሳምፑ ወለል እስከ ካቢኔው ጣሪያ ያለው ቁመት፣ የበሩ ስፋትና የሳምፑ ውሃ ጥልቀት። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» የሚል ሰባተኛ መስመር ይጨምሩና የወረቀቱን ፎቶ ለሚያመጣልዎት ዘመድ ይላኩለት።